አርባ አምስት ተሳፋሪ ያደመጠው ዘፈን

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሽ ዝግታ፤

ያሳፈሩት ሰው ሁሉ በሰላም የሚወርድበት ዓመት ይሁንልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከአንድ ጉንፋንና ከሁለት ፈተና በቀር የነካኝ የለም።

ይህን የምጽፍልዎ ከአዲሱ ክፍሌ ሆኜ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው ያለው። ከጠዋት እስከ ማታ ስምንት ማሽኖች ከእግሬ ሥር ይሽከረከራሉ፤ አልጋዬ ልክ እንደ አውቶቡስዎ የኋላ ወንበር ይንቀጠቀጣል። አከራይዋ ክፍሉን ስታሳየኝ ማሽኖቹን ሁሉ አስጠፍታ ነበር። ብልጥ ናት።

ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ድምፅ መቅረጽ፣ ከሰዓት ደግሞ የሙዚቃ ንግድ እንማራለን። የንግዱ መምህር፣ «አድማጭ በአሥር ሰከንድ ካልወደደው በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል፤ ስለዚህ መግቢያ የሚባለውን ነገር እርሱት» ይለናል። ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳክስፎን ብቻ የሚነፋበትን ዘፈን በልጅነቴ እርስዎ ጋ እንደሰማሁ ለክፍሉ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «ሰው አይወርድም ነበር?» አለኝ አንዱ። አውቶቡስ ላይ ወዴት ይወረዳል!

ሚያዝያ ላይ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዘፈን በሙዚቃ ድርጅቶች ሰዎች ፊት እናቀርባለን። የኔን በስልክዎ ልኬልዎታለሁ፤ እንደ ስምምነታችን ዘፈኑ በስልክ፣ ወሬው በደብዳቤ። ለእናቴ አላሰማኋትም፤ እናት ዳኛ አትሆንም። እባክዎ አውቶቡሱ ላይ ያጫውቱትና እውነቱን ይጻፉልኝ። ሲያባብሉኝ አውቅብዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ፉጨት

ኅዳር 4

ለውዷ የእህቴ ልጅ ለፉጨት፤

መንገድሽ ሁሉ አስፋልት ይሁን፤ ጉድጓድ ቢኖርም በቀን ይግጠምሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽ «ትብላ» ብላሻለች፤ ሌላ መልእክት የላትም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የኔን ችሎት ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘፋኞች ካሴታቸውን ይዘው ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት መናኸሪያ መጥተው ለኔ ይሰጡ ነበር። ሹፌር የወደደው ዘፈን በሳምንት ውስጥ አገር ያዳርሳል። ሹፌር የጠላው ደግሞ ከነካሴቱ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ያቀልጠዋል። እኔ ግን በራሴ ጆሮ ፈርጄ አላውቅም። የተሳፋሪውን እግር ነው የማዳምጠው። ከእግሩም ይልቅ ጥያቄውን። «የማን ነው?» ያለ ሰው ከተገኘ ያ ዘፈን ዳነ ማለት ነው።

ያንቺን ባለፈው ቅዳሜ ከመናኸሪያ እስከ ድልድዩ ሦስት ጊዜ አጫወትነው። ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ታጥቦ ታጥቦ የተወለወለ ብርጭቆ ነው። የተማረረ ሰው የለም፤ ዝጉልን ያለም የለም። «የማን ነው?» ያለም የለም። ረዳታችንን፣ ያቺን የሦስት ልጆች እናት፣ በጡሩምባ ፋንታ የምንጠቀምባትን፣ «ዘፈኑ እንዴት ነው?» ብላት «የቱ?» አለችኝ። እየተጫወተ እኮ ነው!

እውነቱን ይጻፉልኝ ስላልሽ ነው። ደግሞ ከቻልሽ ፊደልሽን ተለቅ አድርጊው። ጥቃቅን ፊደል ወረቀት የሚሰስት ሰው ያስመስላል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 6

ለማከብርዎ አጎቴ፤

የዘገየው ሰላምታዬ ከነይቅርታው ይድረስዎ። ቤቱን ሁሉ ሰላም ያድርግልዎ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልም። ተቀይሜ ነበር። ልብስ ሳጥፍ «የቱ?»፣ ጥርሴን ስቦርሽ «የቱ?»፤ የረዳትዎ ድምፅ አንድ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። በሁለተኛው ሳምንት ቅያሜው ወደ እፍረት ዞረ፤ ምክንያቱም ሴትየዋ ልክ ናት። ያ ዘፈን የኔ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር የሠራው ነው። «የመንገድ ዘፈን፣ የሴት ድምፅ፣ ትንሽ ናፍቆት» ብዬ ጻፍኩለት። ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ፤ ስኳሩን ሳላማስል ዘፈኑ አለቀ። ከነግጥሙ፣ ከነተቀባዮቹ። ክፍላችን ውስጥ «ፈጣኑ» የምንለው ልጅ በሳምንት አርባ ያወጣል። ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ አንዲት ስንኝ ይዤ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ፣ «አሁንም እዚያው ነሽ?» ይለኛል፤ ከልቡ አዝኖልኝ።

የሚከፋኝ ማሽኑ መቻሉ አይደለም፣ ጋሼ። የራሴን ድምፅ ቀርጬ ስሰማ ማፈሬ ነው። ትንፋሼ ይሰማል፤ አንዳንድ ቃል ላይ ድምፄ ይሰነጠቃል። ድሮ ልብም አልለው ነበር። አሁን ከዚያ ከጠራው ድምፅ ጎን ሳቆመው ያልተተኮሰ ልብስ ለብሼ ሠርግ የገባሁ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሁ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ሳፏጭ ያላፈርኩት እኔ፣ አሁን በር ዘግቼም አፍራለሁ።

ይህን ልተወውና፣ አንድ ሌላ ዘፈን ልኬልዎታለሁ። የጓደኛዬ ነው። እሷም አስተያየት ፈልጋለች፤ ስሟን እንዳልናገር ግን አስምላኛለች።

ፉጨት

(ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ።)

ጥር 2

ለውዷ ፉጨት፤

ለአንቺም ለጓደኛሽም ጤና ይስጣችሁ። ለመሆኑ ጓደኛሽ እንዴት ናት? እናቷ ደህና ናቸው? አጎቷስ? በተለይ አጎቷ።

ዘፈኗን ቅዳሜ አሰማነው። ዛሬ ዛሬ አርባ አምስት ሰው ሲሳፈር ሠላሳው ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን አውቶቡስ ይዞ ነው አውቶቡስ የሚገባው። ረዳቷ መሃል ቆማ፣ «ጆሮ ክፈቱ! በነፃ ነው!» ብላ ጮኸች። ዘጠኝ ያህሉ እየሳቁ ነቀሉ። የቀሩት ምን እንደሚያስቅ ለማወቅ ኋላ ነቀሉ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጓደኛሽ ትንፋሽ አጠራት። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ «ይቺ ልጅ ሳንባዋን ትታይ» አሉ። የግድግዳ ሰዓት በጭኗ ላይ ያቀፈች ሴት ተቆጣች፦

«ዳገት እየወጣች ስትዘፍን ምን ታድርግ!»

«ዳገት ነው ያለሽ ማነው?»

«ይሰማል እኮ! ጆሮ የለዎትም?»

አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። የሳንባ ወገንና የዳገት ወገን። እስከ ድልድዩ ተከራከሩ፤ ከዚያ ለማመሳከር ብለው ዘፈኑን ድገሙልን አሉ። አስቢው እስቲ፤ ይህን ሳይ ደስታዬን ምን ልበልሽ።

አራተኛው ወንበር ላይ ደግሞ የነርስ ልብስ የለበሰች ልጅ ነበረች። ገና ከመናኸሪያ ሳንወጣ በስልክ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። እና ዘፈኑ እዚህ ሲደርስ፦

ደርሻለሁ ብዬ ስንቱን ሰው ዋሸሁት፣
መንገዱ ላይ ሆኜ መንገዱን ናፈቅሁት።

ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ ሞላ፤ እንባው ሳይወርድ ደግሞ ሳቀች። ስትወርድ በሩን ይዛ «የማን ነው?» አለችኝ። ለጓደኛሽ ይህን ብቻ ንገሪልኝ፤ ሌላው ይቅር።

ስለ ማሽኑ ያልሽውን አስቤበታለሁ። ማርሹን ራሱ የሚቀይር አውቶቡስ የሰጡኝ ጊዜ ተሰድቤያለሁ ብዬ አንድ ወር ተኮሳትሬ ነዳሁ። የኔ ሙያ ማርሽ አልነበረም እንዴ? በሁለተኛው ወር ግራ ጉልበቴ መታመሙን አቆመ። እኔ ስኮሳተር ጉልበቴ ማሽኑን እየመረቀው ኖሯል። ስለዚህ ማሽን ሁሉ ጠላት ነው አልልሽም። ጉልበትሽን ለሚያሳርፈው ጉልበትሽን ስጪው። ልብሽን ካልጠየቀሽ ምን ቸገረሽ?

አጎትሽ

ጥር 27

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ደጁ ሁሉ ይከፈትልዎ። ደብዳቤዎን ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለቴ ሳቅሁ፣ አንዴ አለቀስኩ። ጓደኛዬ እኔ ነኝ። እርስዎ ከመጀመሪያው ቃል እንዳወቁኝ ገብቶኛል፤ አጎቷ ደህና ነው ወይ ማለት ምን ማለት ነው!

አሁን ግን የኔ ተራ ነው። ሰባት ዓመቴ ሳለ ከኋላዎ ተቀምጬ «ጋሼ ይዩኝ! ይዩኝ!» ስል ያሉኝን አልረሳሁም፤ «ሹፌር ወደ ኋላ የሚዞረው ሲያቆም ብቻ ነው» ነበር ያሉኝ። ታዲያ እየነዱ የአራተኛ ወንበር ሰው ከንፈር ሲነክስ እንዴት አዩ? የእጅ ጽሑፍዎስ? አንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ዓምና ሠላሳ ነበር። «አጫወትኩት» ይሉ የነበሩት ሰው አሁን «አጫወትነው» ይላሉ። ምን ሆነው ነው? እንዳይደብቁኝ።

ሌላም ነገር አለ። የድምፅ መምህራችን ዘፈኔን ለአንድ የሙዚቃ ድርጅት ሰዎች አሰምታቸው ቢሯቸው ጠሩኝ። ግድግዳው መስታወት፣ ወንበሩ የሚያሰምጥ። ዘፈኑን አይደለም የፈለጉት፤ ድምፄን ነው። ሁለት ቀን ስቱዲዮ ገብቼ የሚሰጡኝን አነባለሁ። ከዚያ የኮምፒውተር ፕሮግራማቸው በኔ ድምፅ ያሻቸውን ይዘፍናል። የውሉ አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «ድርጅቱ ድምፁን በማናቸውም ጊዜ፣ በማናቸውም ቦታ፣ ለማናቸውም ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል።» ውሉን የሰጠኝ ሰው፣ «መድከም ቀረልሽ» አለኝ።

አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። ስሜ ይታወቃል፤ ትንፋሽ አያጥረኝም፤ ማፈርም ይቀራል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል። ምን ላድርግ? ከዚህ በፊት ግን የራስዎን ነገር ይንገሩኝ።

ፉጨት

የካቲት 18

ለውዷ ፉጨት፤

የደበቀሽን ሁሉ የሚገልጥ ዓይን ይስጥሽ፤ ሰጥቶሻልም። ያዝሽኝ።

መስከረም ላይ መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ዓይን ምርመራ አስገቡኝ። ሐኪሟ «ሰሌዳው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ» አለችኝ። «የትኛው ሰሌዳ?» አልኳት። በዚያው አለቀ። የዓይን ሞራ ነው፤ ግንቦት ላይ ይነሣልዎታል ብላኛለች፤ አትደንግጪ። ግን ያን ዕለት ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትኬት መስኮት ላይ ነኝ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው ብል ይህም አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ግን «ሹፌር ነበርኩ» የምትለዋ ቃል ከብዕሬ አልወርድ ብላኝ ነው።

ዘፈንሽ ሲመጣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከተተኪው ሹፌር ጎን፣ ፊቱ ወደ ሕዝቡ በዞረው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቻቸው ኖሬ ፊታቸውን ያየሁት አሁን ነው፤ ያውም በጭጋግ። ከንፈሯን ስትነክስ ያየችው ረዳቷ ናት፤ እኔ የሰማሁት ሳቋን ነው። ደብዳቤሽንም የምታነብልኝ እሷ ናት፤ ሰላም ብላሻለች።

አንቀጽ ዘጠኝንም ያነበበችልኝ እሷው ናት። አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ዓምና የሆነውን አስታወሰችኝ። ፌርማታ የሚጠራ የተቀዳ ድምፅ አውቶቡሱ ላይ ገጥመው፣ እሷን ደግሞ ቁጭ በይ ብለዋት ነበር። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። አንዲት አሮጊት ተሳፈሩና ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ፤ አደራ» ብለው ተቀመጡ። ድምፁ ሆስፒታሉን ጠራ፤ እሳቸው ግን ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ መጥታ ትነካኛለች ብለው ይጠብቃሉ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰድናቸው። ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው ነው የወረዱት፤ «ምነው ልጄ ረሳሽኝ» እያሉ ወደ ማጉያው።

እኔ ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ የውል ሰው አይደለሁም። መምህርሽን ይዘሽ ሂጂ። ቁልፍ ማስረከብን ግን አውቀዋለሁ። እኔ ያስረከብኩት ዓይኔ እምቢ ስላለኝ ነው። አንቺ ምንሽ እምቢ አለሽ?

አጎትሽ

ሚያዝያ 21

ለማከብርዎ፣ ለምናፍቅዎ አጎቴ፤

ብርሃንዎን ይመልስልዎ። ይህን የሚያክል ፊደል ጽፌ አላውቅም፤ ረዳቷ እንዳትደክም ብዬ ነው። እሷንም ይሳሙልኝ። ቀኑ ሲቆረጥ ይጻፉልኝ፤ ደግሞ ሁለተኛ ቢደብቁኝ ለእናቴ እናገራለሁ።

ከመምህሬ ጋር ሄድኩ። «የዘፈንኩትን ሽጡ፤ ያልዘፈንኩትን ግን በድምፄ አትሽጡ፤ አንቀጽ ዘጠኝ ይውጣ» አልኩ። በቤቴ አሥር ጊዜ ተለማምጄው ነው። ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «ያለ ዘጠኝ ይህ ውል ተራ ወረቀት ነው» አለ። መምህሬ፣ «ከነዘጠኝም ወረቀት ነው» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። ጀግና ነበርኩ እንዳይመስልዎ። ፌርማታው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ፈጣኑ የራሱን ውል ፈርሟል። አልተጣላንም፤ እንዲያውም ቀረጻዬ ውስጥ የገባውን የማጠቢያ ማሽኖች ጉርምርምታ በፕሮግራሙ በአንድ ከሰዓት አወጣልኝ። በእጄ ብሠራው ወር ይፈጅብኝ ነበር። «ትንፋሽሽንም ላውጣልሽ?» አለኝ። «እሱን ተውልኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና ተወልኝ።

የማቅረቢያው ቀን ሌሎቹ ቀረጻቸውን ሲያጫውቱ እኔ ቆሜ ዘፈንኩ። መምህሬ ፒያኖ ይዛልኝ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሼ አጠረ። ማጠር ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ጠፋ። ቆምኩ። አንድ ሰው ሳለ። መሸሽ ፈለግሁ። ከዚያ ያቺ ሰዓት ያቀፈች ሴትዮ ትዝ አለችኝና ማይኩ ላይ፣ «ይቅርታ፣ ዳገት ነው» አልኩ። ሳቁ! ሁሉም ሳቁ፤ በኔ ላይ አልነበረም። ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም።

የዓመቱን ሽልማት ፈጣኑ ወሰደ። ቆጨኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን አዳራሹ ሲበተን አንዲት የሬዲዮ አዘጋጅ መጥታ «የማን ነው?» አለችኝ። «የኔ» አልኳት። ቃሏ በጣም አጭር ናት፣ ጋሼ፤ ለማለት ግን ዓመት ፈጀብኝ። ዘፈኑን ጠዋት ጠዋት ያሰሙታል፤ ክረምቱንም እዚያው ድምፅ ቀራጭ ሆኜ እሠራለሁ። ለአውቶቡሱ የሚሆነውን አዲሱን ቀረጻ በስልክዎ ልኬዋለሁ።

ፉጨት

ሐምሌ 3

ለውዷ የእህቴ ልጅ፤

ክረምትሽ ይለምልም፤ ሥራሽ ይቃና። ፊደሌን እዪልኝ፤ ሠላሳ መስመር በገጽ!

የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ተነሥቷል። ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቴ የቆመችው ረዳቷ ነበረች። «አንቺ፣ አርጅተሻል» አልኳት። «እርስዎስ መስታወት አላሳዩዎትም?» አለችኝ። ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። መንዳት ይችላሉ ተብያለሁ። ቁልፉን ተቀብዬ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርኩበትና ለተተኪው መለስኩለት። አልከፋኝም። አሁን ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንድ ሹፌሮች መስኮቴ ላይ ተሰልፈው «ጋሼ፣ ለሳምንት ምን እናጫውት?» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ሹፌር ሳለሁም አልነበረኝም። ጓደኛ ካለሽ፣ ያንቺ ዓይነት ሳይሆን እውነተኛ ጓደኛ፣ ዘፈኗን ትላክ።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ በማላውቀው መስመር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሬዲዮም ቴፕም አልተከፈተም። ከጎኔ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ታባብላለች። ታንጎራጉራለች። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ያንቺ ነው! ያውም አበላሽታዋለች፤ «መንገዱ ላይ ሆኜ መንገዱን ናፈቅሁት» ያልሽውን «መንገዱ ላይ ቆሜ መንገዱን ጠየቅሁት» ትለዋለች። ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ዘፈን የማን ነው?» አልኳት።

«የማንም አይደለም፣ አባቴ» አለችኝ፤ «የድሮ ነው። እናቴ ትዘፍንልኝ ነበር።»

«እናትሽ?»

«አዎ፤ ልጅ ሆኜ።»

ደግሞ አትዋሽም፣ ፉጨት። ፊቷን አሁን አጥርቼ አየዋለሁ፤ ከልቧ ነው። አንቺ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው። እሷ ሠላሳ አምስት ይሆናታል፤ ጠዋት ከሬዲዮ የሰማችው የእናቷ መስሏት ቀርቷል። አፌን ዘጋሁት። ሕፃኑ ዓይኑን እየከደነ ነበር፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀመረችው። ፌርማታዬ መጣና አለፈ፤ አልወረድኩም።

የምትወድሽ እናትሽ «ትብላ» ብላለች።

አጎትሽ